በተጨናነቀ ሰፈር የቤት ዋይፋይን ማፍጠን፦ ከጅማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መርካቶ አካባቢ፣ ሂርማታ ወይም ዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ባለ የኪራይ ግቢ ቁጭ ብላችሁ የስልካችሁን የዋይፋይ ዝርዝር ክፈቱ። የኔትወርኩ ስም ተቆጥሮ አያልቅም። የአከራዩ፣ የፎቁ፣ የካፌው፣ የጸጉር ቤቱ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቀውም ጭምር እናንተ ሳሎን ድረስ ገብቷል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች እንዲህ ባለ ሰፈር የሚኖር ሰው የሚያነሳቸው ናቸው። አብዛኛው መፍትሔ ገንዘብ አያስወጣም።

ፓኬጁን ከፍ አስደረግኩ። ማታ ማታ ግን ቪዲዮው አሁንም ይዞራል። ለምን?

ኢንተርኔቱ እጃችሁ ከመግባቱ በፊት በሁለት መንገድ ያልፋል። አንዱ ከውጭ እስከ ሞደሙ የሚመጣው መስመር ነው፤ ፋይበርም ይሁን የመዳብ። ሌላው ከሞደሙ እስከ ስልካችሁ ያለው አየር ነው። ፓኬጅ ስትጨምሩ የሚሰፋው የመጀመሪያው ብቻ ነው። አየሩ የሰፈሩ የጋራ ነው፤ ማንም ከፍሎ አያሰፋውም።

ማታ የሚብሰው ሁሉም ቤቱ ስለሚገባ ነው። ቴሌቪዥኑም፣ ስልኩም፣ ላፕቶፑም በአንድ ሰዓት ይከፈታል። መጀመሪያ የታመመው መስመሩ ይሁን አየሩ ሳይለይ ገንዘብ ማውጣት ኪሳራ ነው።

ታዲያ በምን ልለየው?

ኮምፒውተር ካለ በኬብል ሞደሙ ላይ ሰኩት። የሌላውን ሁሉ ዋይፋይ አጥፉና ፍጥነቱን ለኩ። ስፒድቴስትም ሆነ ሌላ የታወቀ መለኪያ ይበቃል። ከዚያ ኬብሉን ንቀሉና ሁልጊዜ ከምትቀመጡበት ቦታ በዋይፋይ ለኩ። ይህን ማታ 2 ሰዓት ገደማ አድርጉት፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይም ድገሙት።

በኬብል ጥሩ ሆኖ በዋይፋይ ከወደቀ ችግሩ አየሩ ላይ ነው፤ ማንበባችሁን ቀጥሉ። በኬብልም ማታ ማታ ከወደቀ ግን ራውተር (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ዕቃ፤ ብዙ ጊዜ ከሞደሙ ጋር አንድ ሳጥን ነው) መቀየር ምንም አይጠቅማችሁም። መስመሩ ከኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ደውሉ፤ በኬብል የለካችሁትን ቁጥርና ሰዓቱን ጽፋችሁ ያዙ። "ኔት የለም" ከማለት ይልቅ ቁጥር ይዞ መነጋገር ወሬውን ያሳጥራል።

ኮምፒውተር ከሌለ ስልኩን ይዛችሁ ራውተሩ አጠገብ፣ ሁለት ሜትር ሳይሞላ ቁሙና ለኩ። እንደ ኬብል እርግጠኛ ባይሆንም ከምንም ይሻላል።

10 ሜጋ ነው የተባልኩት። ፋይል ሳወርድ ግን 1.2 ነው የሚያሳየኝ። ተሸወድኩ?

አልተሸወዳችሁም። ፓኬጅ የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፤ ብዙ ማውረጃ ፕሮግራም የሚያሳየው ግን በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። 10 ለ8 ሲካፈል 1.25 ይመጣል። በዚህ ሂሳብ 700 ሜጋባይት የሆነ ፊልም ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይወስዳል። 1.2 ካያችሁ መስመሩ የተባለውን እየሰጣችሁ ነው።

ጎረቤቴ የእኔን ዋይፋይ አይጠቀምም። ታዲያ እንዴት ያዘገየኛል?

ዋይፋይ ሬዲዮ ነው። በአንድ ቻናል (ቁጥር በተሰጠው አንድ የአየር ክፍልፋይ) ላይ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ ብቻ ነው። ራውተራችሁ ከመላኩ በፊት ያዳምጣል። የጎረቤት ራውተር እያወራ ከሆነ ይጠብቃል። ስሙ ሌላ፣ ፓስወርዱ ሌላ፣ ክፍያውም ሌላ ነው፤ ቻናሉ አንድ ከሆነ ግን ሁላችሁም ተራ ጠባቂ ናችሁ።

የእድር ስብሰባ አስቡ። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። ቀስ ብለው የሚናገሩ አባት ከተነሱ ደግሞ ቤቱ ሁሉ ይጠብቃል። ዋይፋይ ላይ ቀስ ብሎ የሚናገረው አሮጌ ስልክ ነው፤ ወይም ሦስት ግድግዳ ተሻግሮ ከራውተሩ ጋር የሚታገል ስልክ። ያንኑ ፎቶ ለመላክ ከቅርቡ ስልክ ብዙ እጥፍ ጊዜ አየሩን ይይዛል። አዲሱ ስልካችሁም አብሮ ይጠብቃል።

"ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ግን አይሠራም" የሚባለው ከዚህ ይመጣል። ሲግናሉ ራውተሩ በደንብ መሰማቱን ነው የሚነግራችሁ። ስንት ሰው ከፊታችሁ ተራ እንደያዘ አይነግራችሁም።

የትኛውን ቻናል ልምረጥ?

2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው በድሮው የዋይፋይ ሞገድ ላይ ከ1 እስከ 13 የተቆጠሩ ቻናሎች አሉ። አሥራ ሦስት መንገድ ይመስላል፤ አይደለም። ቁጥሮቹ የሚራራቁት በ5 ሜጋኸርዝ ሲሆን አንድ ዋይፋይ ግን 20 ሜጋኸርዝ ያህል ስፋት ይይዛል። ስለዚህ ቻናል 3 ላይ ያለ ራውተር 1ንም 6ንም ይነካል። ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚቀመጡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዋይፋይ አናላይዘር የሚባለውን አፕ ይከፍታል። 1፣ 6 እና 11 ላይ ተደራርቦ ያያል፤ 3 ወይም 9 ባዶ ይመስለዋል። ዘሎ እዚያ ይገባል። ከሁሉ የከፋው ምርጫ ይህ ነው። አንድ ቻናል ላይ ያሉ ራውተሮች አንዱ ሌላውን ይሰማል፤ ተራ ይጠብቃሉ። በግማሽ የተደራረቡት ግን የሌላውን ንግግር መለየት አይችሉም፤ ጫጫታ ብቻ ነው የሚሆንባቸው። ዳታው ይበላሻል፣ እንደገና ይላካል፣ እንደገና ይበላሻል። መሃል ላይ ከመስፈር ከጎረቤት ጋር አንድ ቻናል ተካፍሎ ተራ መጠበቅ ይሻላል።

ከሦስቱ ስትመርጡ የስሞቹን ብዛት ብቻ አትዩ። አፑ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የመቀነስ ምልክት ያለው ቁጥር ያሳያል። -45 ማለት አጠገባችሁ ነው፤ -85 ማለት ሩቅ ነው፣ ብዙም አይጎዳችሁም። ኃይለኛ ጎረቤት ያነሰበትን ቻናል ያዙ። አፑ አንድሮይድ ላይ በቀላሉ ይገኛል። አይፎን ያላችሁ የአፕልን ኤርፖርት ዩቲሊቲ አውርዱና ከስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የዋይፋይ ስካነሩን አብሩት።

ለመቀየር የራውተሩን አድራሻ ብራውዘር ላይ ጻፉ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ነው፤ ከነመግቢያ ስሙ ከራውተሩ ጀርባ ወይም ሥር ተለጥፎ ይገኛል። ዋይፋይ በሚለው ገጽ ላይ ቻናሉን ከ"አውቶ" ወደ መረጣችሁት ቁጥር ለውጡ። እዚያው ስፋቱ 40 ከሆነ 20 አድርጉት። 40 ወረቀት ላይ ፈጣን ነው። በተጨናነቀ ሰፈር ግን ብዙ ጎረቤት ላይ ትወጣላችሁ፤ እነሱም እናንተ ላይ ይወጣሉ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ዋይፋዩ የባሰ ይሆናል። እኔ ላይ ብቻ ነው?

እናንተ ላይ ብቻ አይደለም። ብዙ ራውተር "አውቶ" ላይ ሲሆን ቻናል የሚመርጠው ሲነሳ ነው። መብራት ሲመጣ ደግሞ የሰፈሩ ራውተር ሁሉ አንድ ላይ ይነሳል። ሁሉም ሲያዳምጥ አየሩ ጸጥ ያለ ይመስለዋል፤ ገና ማንም መናገር አልጀመረምና። ተከታትለው አንድ ቻናል ላይ ቢወድቁ አይገርምም። ከዚያ እስኪጠፉ ድረስ እዚያው ናቸው።

ቻናሉን በእጅ ያስተካከለ ሰው ከዚህ ዕጣ ይወጣል። "አውቶ" ላይ መቆየት የሚፈልግ ደግሞ መብራት ከመጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ራውተሩን አንዴ ያጥፋና ያብራው። ያኔ ጎረቤቶቹ ቦታ ቦታቸውን ስለያዙ የተሻለ ያያል።

ለራውተር ተብላ የምትሠራ ትንሽ ዩፒኤስም (መብራት ሲሄድ የምትይዝ ባትሪ) አለች። ከመግዛታችሁ በፊት ራውተሩ ጀርባ የተጻፈውን ቮልት እዩ። ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፤ 9 ወይም 5 የሆኑም አሉ። የማይመጥን ከሰካችሁ ራውተሩን ልታቃጥሉት ትችላላችሁ።

ከጎረቤት ጋር መነጋገር ዋጋ አለው?

ከብዙ ዕቃ ይበልጣል። ግድግዳ የሚካፈሉ ሦስት ቤቶች አንዱ 1፣ አንዱ 6፣ አንዱ 11 ቢይዙ የሦስቱም ይሻሻላል። ጅማ ላይ ለዚህ ቀጠሮ አያስፈልግም፤ ቡና ሲጠራሩ ይነሳ። አንድ ቻናል መቀየር የሚችል ወጣት ከየትኛውም ግቢ አይጠፋም።

ሁለተኛው ጉዳይ የመላኪያ ኃይል ነው። ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ኃይሉን ዝቅ የሚያደርግ ምርጫ ካለ፣ ሁለት ክፍል ቤት ላለው ሰው መካከለኛው ይበቃል። ሰው ይህን ሲሰማ "ዋይፋዬን አዳክሜ?" ይላል። ግን ሁሉም ሙሉ ኃይሉን ሲለቅ ሁሉም ብዙ ጎረቤት ይሰማል፤ ሁሉም ብዙ ይጠብቃል።

5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ለውጥ ያመጣል?

በተጨናነቀ ሰፈር ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው። 2.4 ላይ ሦስት የሚጠቅሙ ቻናሎች ሲኖሩ 5 ላይ ከሃያ በላይ አሉ። ግድግዳ አያልፍም ተብሎ ይታማል፤ እውነት ነው፣ ይደክማል። ግን ይህ ድክመቱ እዚህ ጥቅም ነው። የእናንተ ሲግናል ለጎረቤት አይደርስም፤ የጎረቤትም እናንተ ጋ ሳይደርስ ይሞታል።

ራውተራችሁ ሁለቱንም የሚይዝ ከሆነ ስማቸውን ለዩ። ለምሳሌ አንዱን "ቤት"፣ ሌላውን "ቤት 5" በሉት። ስም ሲጋሩ ስልኩ ብዙ ጊዜ በ2.4 ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያ ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፕና አዲስ ስልክ ወደ 5 ይሂዱ፤ የድሮ ስልክና ጓሮ ያለ ክፍል 2.4 ላይ ይቆዩ። ስፋቱን 80 ላይ መተው ይቻላል፤ ፎቅ ላይ ከሆናችሁና 5ም ከተጨናነቀ 40 አድርጉት። ቻናሉ ከ36 እስከ 48 ባለው ከተያዘ ከ149 ጀምሮ ያለውን ሞክሩ። ከ52 እስከ 144 ያሉት ከራዳር ጋር የሚጋሩ ናቸው፤ ራውተሩ ራዳር የሰማ ከመሰለው ቻናሉን ለቅቆ ይወጣል።

በነገራችን ላይ ይህ ከ5ጂ የሞባይል ኔትወርክ ጋር ምንም አያገናኘውም። "ሰፈራችን 5ጂ አልገባም" ብሎ ይህን የተወ ሰው ሞልቷል።

ራውተሩን የት ላስቀምጠው?

ሰው በሚቀመጥበት ክፍል፣ ከፍ ባለ ቦታ፣ ክፍት ላይ። ቡፌ ውስጥ አይደለም። ቴሌቪዥን ጀርባም አይደለም። ቴሌቪዥኑ በብረት የተሞላ ሰፊ ሳህን ስለሆነ ሲግናሉን ይመልሰዋል። ፍሪጅ፣ ትልቅ መስታወትና የውሃ በርሜልም እንዲሁ ያስቸግራሉ።

የጭቃ ግድግዳ ከብረት የተሻለ ያሳልፋል። ብሎኬት ያደክማል፤ ፌሮ ያለበት ኮንክሪት የባሰ ነው። ቆርቆሮ ግን ይዘጋል። ሰርቪስ ቤቱ በቆርቆሮ ከተከለለ ዋናው ቤት ያለ ራውተር እዚያ ቢዳከም አይግረማችሁ። ከጎረቤት ጋር የምትጋሩት ግድግዳ ላይ ራውተር አትስቀሉ፤ ግማሹን ለእሱ እየላካችሁ ነው። አንቴናውን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ሲግናሉ የሚሄደው ወደ ጎን ነው። ፎቅ ላይ ማድረስ ለሚፈልግ አንዱን ማጋደም ይጠቅማል።

ሪፒተር ልግዛ?

ለተጨናነቀ ሰፈር የመጨረሻው ምርጫ ቢሆን ይሻላል። ርካሹ ሪፒተር ከራውተሩ የሰማውን በዚያው ቻናል ላይ ደግሞ ይናገራል። እያንዳንዱ ነገር ሁለቴ ተነገረ ማለት ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል፤ ለሰፈሩም ሌላ ተናጋሪ ጨመራችሁ።

ከራውተሩ ኬብል ስባችሁ ሩቅ ክፍል ላይ ሁለተኛ ራውተር በኤክሰስ ፖይንት ሞድ (በኬብል የመጣውን በዋይፋይ ብቻ እንዲያሰራጭ) ብታስቀምጡ ልዩነቱ የትየለሌ ነው። ካት 5ኢ የሚባለው ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፤ አንድ ግቢ ያን ያህል አይሰፋም። የድሮ ራውተር ካለ አዲስ መግዛትም ላያስፈልግ ይችላል። ቻናሉን ብቻ ከዋናው ለዩት።

ቴሌቪዥኑንም በዚያው በኬብል አገናኙት። ከቤቱ ሁሉ ብዙ የሚበላው እሱ ነው፤ ከቦታው ደግሞ አይንቀሳቀስም። እሱ ከአየሩ ሲወጣ ለስልኮቹ ይሰፋል።

አዲስ ራውተር ልገዛ ነው። ምን ልይ?

ሳጥኑ ላይ "ኤን 300" የሚል ካያችሁ 2.4 ብቻ ነው፤ ቢረክስም ተዉት። "ኤሲ 1200" የሚለው ሁለቱንም ይይዛል፤ ለብዙ ቤት ይበቃል። ቁጥሩ ግን አያጓጓችሁ። 1200 ማለት የ2.4ቱ 300 እና የ5ቱ 867 ተደምሮ ተጠጋግቶ ነው፤ አንድ ስልክ ያን አያገኝም። የአንቴናው ብዛትም እንደዚያው፣ ብዙው ለዓይን ነው።

ዋይፋይ 6 የሚባለው የዋይፋይ ትውልድ ያለው መጨናነቅን ታሳቢ አድርጎ የተሠራ ነው። የራሱን ንግግር ከጎረቤት ንግግር ይለያል፤ ለብዙ ስልክ በአንድ ተራ ያካፍላል። ግን ስልካችሁም ዋይፋይ 6 ካልሆነ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። አዲሱን ራውተር ከቴሌው ሞደም ጋር ስታገናኙ የሞደሙን ዋይፋይ አጥፉት። ሁለቱም ከበሩ የራሳችሁ ቤት ውስጥ እርስ በርስ ተራ ይጠባበቃሉ።

ግቢያችን ውስጥ ብዙ ተከራይ አንድ ዋይፋይ ይጋራል። አንዱ ሲከፍት ሌላው ይሞታል።

እዚህ አየሩም መስመሩም ተጠያቂ ነው። ሂሳቡን ሥሩ። ዩቲዩብ በ1080 ጥራት 5 ሜጋቢት ያህል ይፈልጋል፤ በ480 አንድ ገደማ ይበቃዋል። 10 ሜጋ ያለው ግቢ ሁለት ሰው በ1080 ከከፈተ አለቀ። ስልክ ስክሪን ላይ ሁለቱ ያን ያህል አይለያዩም፤ 480 ላይ ማየት ለግቢው ሰላም ነው።

ማንም የማይጠረጥረው ግን መላኩ ነው። አንዱ ስልክ ፎቶና ቪዲዮውን ወደ ጉግል ፎቶስ እየሰቀለ ከሆነ፣ በተለይ በመዳብ መስመር ላይ፣ መላኪያው ጠባብ ስለሆነ ይሞላል። መላኪያው ሲሞላ ማውረዱም ይንቀራፈፋል፤ "ደረሰኝ" የሚለው መልእክት የሚሄደው በዚያው መንገድ ነውና። መጠባበቂያውን ሌሊት አድርጉት። ቴሌግራም በዋይፋይ ቪዲዮ ራሱ እንዳያወርድ አጥፉት። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ዋይፋዩን ሜተርድ (በመጠን የሚከፈልበት) አድርጉት፤ አፕዴቱ ይታገሳል።

ራውተሩ "ባንድዊድዝ ኮንትሮል" ካለው ለእያንዳንዱ ሰው የፍጥነት ጣሪያ ማበጀት ይቻላል። በስምምነት ከሆነ ጥሩ ነው። በድብቅ ከሆነ ግን የኪራይ ግቢ ጠብ መነሻው ይኸው ነው።

ፓስወርዴ የወጣ ይመስለኛል። ምን ላድርግ?

ቀይሩት፤ ደብሊውፒኤስ የሚባለውን (ፓስወርድ ሳይጻፍ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያስገባውን) አጥፉ፤ ጥበቃው ደብሊውፒኤ 2 ወይም 3 መሆኑን አረጋግጡ። ስልክ ቁጥራችሁን ፓስወርድ አታድርጉት። አንድ ሰው ብቻ ለይቶ መዝጋት ግን ድሮ እንደነበረው አይደለም። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ያሉ ስልኮች ራውተሩ የሚለያቸውን መለያ ቁጥር መቀያየር ይችላሉ። የተጋበዘ እንግዳም በኪውአር ኮድ ለሌላ ማስተላለፍ ይችላል። ለእንግዳ የተለየ የእንግዳ ኔትወርክ ክፈቱለት።

ፍጥነት ይጨምራሉ የሚባሉት አፖችስ?

አይጨምሩም። ማስታወቂያ ብቻ ነው የሚጨምሩት። ዲኤንኤሱን (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን) ወደ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 መቀየር ገጹ መከፈት እንዲጀምር ሊያግዝ ይችላል፤ ማውረጃውን ግን አያፈጥንም።

ጅማ ላይ ዝናብ አይጠፋም። ዋይፋዩን የሚያደክመው ዝናቡ ነው?

ቤት ውስጥ ያለውን ዋይፋይ ዝናብ አይነካውም ማለት ይቻላል። መስመሩ የመዳብ ከሆነ ግን ይነካዋል። ፖሉ ላይ ወይም ግድግዳው ላይ ያለው መገጣጠሚያ ውሃ ከገባበት መስመሩ ይቆራረጣል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። በዘነበ ቁጥር የሚጠፋና ፀሐይ ሲወጣ የሚድን ኢንተርኔት ካላችሁ የምትጠረጥሩት ይህን ነው። ስትደውሉም በዝናብ ጊዜ መሆኑን ንገሩ፤ ቴክኒሻኑ በደረቅ ቀን መጥቶ "ይሠራል" ብሎ እንዳይመለስ። ፋይበር ውሃ እንዲህ አያውከውም።

መብረቁ ሌላ ጉዳይ ነው። ከቤት ወደ ቤት በውጭ የተሳበ ኬብል ካላችሁ ነጎድጓድ ሲጀምር ሁለቱንም ጫፍ ንቀሉ። የመብራቱን ሶኬት ብቻ መንቀል አይበቃም፤ በመዳብ የሚመጣውን የስልክ መስመርም ከሞደሙ አውጡት።